ሲወርዱ የታመመው ይቅደም

ሽማግሌ የምትጠብቅ ልጅ እግሯ መሬት አይረግጥም። የፌናን ጎበና እግር ግን ያን እሁድ ጠዋት ስልሳ አራት ደረጃ ስድስት ጊዜ ወጥቶ ስድስት ጊዜ ወርዷል። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው ወንበር መዋስ ማለት ይኸው ነው። አስራ ሁለቱን የእድር ወንበር ሁለት ሁለቱን እያንጠለጠለች ስታወጣ ላብ አጥምቋታል፤ እሷ ግን ታንጎራጉራለች። እናቷ ወይዘሮ ብርቄ፣ የምትጠየቅ ልጅ ወንበር ስትሸከም የት አገር ታየ ብለው ቢቆጡም አልሰማቻቸውም። ይህን ቀን በሌላ ሰው እጅ ማዘጋጀት አልፈለገችም።

አባቷ አቶ ጎበና ለሠርግና ለቀብር ብቻ የሚያወጡትን ጥቁር ኮት ለብሰው ከመስኮቱ አልራቅ ብለዋል። ድሮ በዚሁ አካባቢ ገበሬ ነበሩ፤ ጤፍ ይዘሩበት የነበረውን መሬት አሁን ከአራተኛ ፎቅ ቁልቁል ያዩታል። ታላቅ ወንድማቸው አቶ ጅሬኛ ከየካ አባዶ ተጠርተው ትናንት በማለዳ ደርሰዋል። ሁለቱ ወንድማማቾች ምን እንደሚባል ከትናንት ጀምሮ ሲለማመዱ ነው የዋሉት። እንደ ወጉ ሽማግሌ ጉዳዩን ተናግሮ እስኪጨርስ ቁጭ አይልም፤ ቆሞ ነው የሚለምነው። የልጅቷም አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፤ እንመክርበታለን፣ ተመለሱ ነው የሚለው። ይህን የማያውቅ ሰው የለም።

ነገሩን የነገራት ፍቅረኛዋ ሃይለኣብ ነው። ሐሙስ ዕለት ደውሎ፣ እናቱ እሁድ እነፌናን ቤት ልትመጣ መሆኑን ነገራት። ራሳቸው ናቸው የሚመጡት ስትለው አዎ፣ ራሷ ናት አለ። ከዚያ ረጅም ዝምታ ሆነ። "ፌናን" አለ፤ አቤት ስትለው ምንም ብሎ ስልኩን ዘጋው። አይ ፌናን! ፍቅር የያዘው ሰው ዝምታን እንኳ ወደ ራሱ ይተረጉማል። የወንድ ልጅ እናት የሴት ልጅ ቤት ደረጃ የምትወጣው ለሌላ ለምን ጉዳይ ነው ብላ፣ ለምን እንደሚመጡ አልጠየቀችውም። ያን ቀን ስልኩን ደረቷ ላይ አስደግፋ ለረጅም ጊዜ ፈገግ እንዳለች ተቀመጠች።

* * *

ፍቅሩ የጀመረው ከጉልበት ነው። የሃይለኣብ እናት ወይዘሮ የሺመቤት ቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ ባለ ቪላ የሚኖሩ፣ ባላቸውን ከቀበሩ ወዲህ ንግዱን ብቻቸውን የያዙ ሴት ናቸው። ቁርጥማት ሁለቱንም ጉልበታቸውን፣ በተለይ ቀኙን ሲይዘው ሐኪሙ የመገጣጠሚያው ለስላሳ አጥንት ተበልቷል፣ ለኦፕሬሽን ግን ገና ነው፣ መድኃኒትዎ እንቅስቃሴ ነው አላቸው። እሳቸው ሲያማቸው ተቀመጡ፤ ሲቀመጡ ባሰባቸው፤ ሲብስባቸው ጭራሽ ተኙ። ቤት ድረስ የሚመጡ ሁለት ፊዚዮቴራፒስቶችን አባረሩ። ሦስተኛዋ ከክሊኒኩ የተላከችው ፌናን ነበረች።

ገና በመጀመሪያው ቀን ምርኩዛቸውን ከቀኝ እጃቸው ወስዳ በግራ አስያዘቻቸው። ምርኩዝ የሚያዘው ከታመመው እግር በተቃራኒ ነው አለቻቸው። ወይዘሮ የሺመቤት ሦስት እርምጃ ሄደው ቆሙና፣ ስድስት ዓመት ሙሉ በተሳሳተ እጅ ስይዝ እንዴት አንድ የሚነግረኝ ሰው ይጠፋል ብለው ሳቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ "ልጄ" ይሏት ጀመር።

ማክሰኞና ሐሙስ እየመጣች ፎጣ ጠቅልላ ከጉልበታቸው ሥር ታደርጋለች፤ ወደ ታች ተጭነው አምስት እስክትቆጥር ይይዛሉ። ከወንበር በእጅ ሳይደገፉ እንዲነሱ፣ ግቢው ውስጥ መጀመሪያ አምስት፣ ቀጥሎ አስር ደቂቃ እንዲራመዱ ታደርጋለች። ያልተከፈተ በር ማጠፊያው ይዝጋል ትላቸዋለች። ግን ደግሞ አታስጨንቃቸውም። ትንሽ ማመሙ አያስፈራም፤ ሕመሙ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ በማግስቱ እንቀንሳለን፤ ጉልበቱ ካበጠና ከተኮሰ ያን ቀን ዕረፍት ነው። የሳምንቱን እንቅስቃሴ በትልልቅ ፊደል በወረቀት ትጽፍና ሃይለኣብ ተቀብሎ የእናቱ ቁም ሳጥን መስታወት ላይ ይለጥፈዋል።

ጣጣው የመጣው ከዚያ ወረቀት ጋር ነው። ሃይለኣብ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለ የጭነት ድርጅት ኃላፊ ነው፤ ፈረቃው ሲፈቅድለት ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ያያታል። መጀመሪያ አየት አድርጓት ያልፍ ነበር። በኋላ ወረቀቱን ሲቀበላት ጣቶቹ መዘግየት ጀመሩ። በስልክ የተጻፈ ነገር አይጥመኝም፣ በእጅሽ ጻፊልኝ አላት፤ እሷም ከእናትየው ወረቀት ጋር የእሱን አጥፋ መስጠት ጀመረች። መልሱን በተጠቀለለው ፎጣ ውስጥ ታገኘዋለች። በታክሲ ወደ አራብሳ ስትመለስ ጎሮ እስክትደርስ አታነበውም፤ ከጎሮ በኋላ አራት ጊዜ ታነበዋለች።

ለእናትህ መቼ ነው የምትነግራቸው ስትለው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ጉልበቷ ይሻላት እንጂ እነግራታለሁ። ስለዚህ ፌናን በሰው ጉልበት ላይ የራሷን ሠርግ ትደግስ ነበር። ወይዘሮ የሺመቤት አንድ እርምጃ በጨመሩ ቁጥር ሠርጓ በአንድ እርምጃ የቀረበ ይመስላታል። ከአሥር ደቂቃ በላይ መቆም ባይችሉም፣ ቆመው እጃቸውን ሲታጠቡ ያየች ዕለት በደስታ አልቅሳለች።

ከፋሲካ በኋላ ወይዘሮ የሺመቤት ደረጃ መውጣት አስተምሪኝ አሏት። እናንተ ቤት ስንተኛ ፎቅ ነው? አራተኛ። ስንት ደረጃ አለው? ፌናን ቆጥራው አታውቅም ነበር። ያን ቀን ከሥራ ስትመለስ ቆጠረችው፤ ከወለል ወለል አስራ ስድስት፣ በአጠቃላይ ስልሳ አራት። ሴትዮዋም በቪላቸው ደረጃ ላይ ስልሳ አራት እስኪሞላ ሁለት ወር ተለማመዱ። አንድ ሕግ ብቻ አስጠናቻቸው፤ ሲወጡ ጤነኛው ይቅደም፣ ሲወርዱ የታመመው። ለሃይለኣብ፣ "እናትህ ወደ ቤቴ የሚያስወጣውን ደረጃ እየተለማመዱ ነው" ብላ ጻፈችለት። በዚያ ሳምንት ፎጣው ውስጥ መልስ አልነበረም። ሥራ በዝቶበት ነው ብላ ልቧን አሳረፈችው።

* * *

አምስት ሰዓት ሲል ምርኩዝ ደረጃውን ሲመታ ተሰማ። ፌናን እንደ ወጉ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ገርበብ አድርጋዋለች፤ ሽማግሌ የመጣላት ልጅ ፊት አትወጣም። ግን ጆሮዋ ሥራውን አልተወም። ጤነኛው እግር ቀደመ፣ የታመመው ተከተለ፣ ምርኩዙ አብሮ አረፈ። ስምንት ደረጃ፣ ዕረፍት። ስምንት ደረጃ፣ ዕረፍት። ልክ እንዳስተማረቻቸው። ከአልጋ መውረድ ያቃታቸው ሴትዮ እኮ ናቸው! ስልሳ አራተኛው ላይ ሲደርሱ ፌናን እንባዋ መጣ።

ወይዘሮ የሺመቤት ብቻቸውን ነበሩ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቦርሳቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለው ገቡ። አቶ ጎበና ሽማግሌዎቹ ከኋላ ቀርተው ይሆናል ብለው ወደ በሩ አዩ፤ ማንም የለም። ሁሉም ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ ኖር ተብሎ፣ ጥሩው ወንበር ተሳበላቸው።

"ቆሜ እናገራለሁ፤ ረጅም ነገር አይደለም" አሉ ወይዘሮ የሺመቤት።

ወንድማማቾቹ ተያዩ። አቶ ጅሬኛ ወግ የምታውቅ ሴት ብለው አንሾካሾኩ። ሴት ሆና፣ እናት ሆና፣ በታመመ እግር አራት ፎቅ ወጥታ፣ እንደ ሽማግሌ ቆማ ልትለምን! አቶ ጎበና ከትናንት ጀምሮ ያጠኑት ሁሉ ብን ብሎ ጠፋቸው። ሁለት እጃቸውን ለምርቃት ዘረጉና፣ ያለ ወጉ፣ እንግዳዋ አፋቸውን ሳይከፍቱ ተናገሩ።

"ወጉ ተመለሱ ማለት ነበር። ግን በዚያ እግር እዚህ ድረስ የመጣን ሰው ተመለስ ብል እግዜርም አይወደው። አይልመኑን፤ ልጃችንን ሰጥተናል።"

ወይዘሮ ብርቄ እልልታውን ለቀቁት። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ጎረቤቶች ሰምተው ተቀበሏቸው። ወይዘሮ የሺመቤት እልልታው እስኪያልቅ ጠበቁ። ማቋረጥ ይችሉ ነበር፤ አላቋረጡም።

"ሳልጠይቅዎት ሰጡኝ፣ አቶ ጎበና" አሉ ለስለስ ባለ ድምፅ። "እኔ ልጅዎን ልለምን አልመጣሁም። ከልጄ ላይ እጇን እንድታነሳ ልነግርዎት ነው የመጣሁት።"

ከቦርሳቸው ሁለት ወረቀት አውጥተው ወንበሩ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡ። አንዱ ፎጣ ጠቅልለው አምስት ይቁጠሩ የሚለው ነው። ሌላው ከሃይለኣብ ኮት ኪስ የወጣው ነው። የእጅ ጽሑፉ አንድ ነው አሉ፤ ይህን ሁሉ ወር ጠዋት ከአልጋዬ ስነሣ መስታወቴ ላይ የማነበውን ጽሑፍ እንዴት አላውቀውም?

ፌናን ወጉን ረሳችው። ከመኝታ ቤቱ ወጥታ ፊታቸው ቆመች። አንገቷ ላይ የእናቷ ሐብል አለ፤ እንደዚያ አጊጣ መቆሟ አሳፈራት።

"እትዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁት?"

"ከፋሲካ በፊት።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?"

"ጉልበቴ አልጠናማ" አሉ፣ የሰዓት ጥያቄ እንደሚመልስ ሰው። "ሽማግሌ ብልክ ነገሩን ያለሳልስብኛል። ልጄን ብልከው አልቅሶ ይመለሳል። አባትሽ ፊት ቆሜ ራሴ መናገር ነበረብኝ፤ ለዚያ ደግሞ እግር ያስፈልገኝ ነበር። እግሩን አንቺ ሰጠሽኝ። እግዜር ይስጥልኝ።"

 ሴትዮዋ ግን አልጨረሱም። ስድብ አይምሰልሽ አሉ፣ ጎበዝ ልጅ ነሽ፣ እጅሽ መድኃኒት ነው። "ግን የኔን እግር ያሸ እጅ የልጄን ቀለበት አያጠልቅም።"

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ። አቶ ጅሬኛ ምን ዓይነት ሰው ነሽ ብለው ተነሡ፤ ወይዘሮ ብርቄ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። አቶ ጎበና ግን እጃቸው ለምርቃት እንደተዘረጋ ነበር። አዩትና ቀስ ብለው ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ፌናን ከሰማችው ሁሉ በላይ ያ የአባቷ እጅ አንጀቷን በላው።

* * *

መቆም የሚችሉበት አሥር ደቂቃ አልፎ ነበር። ወይዘሮ የሺመቤት ከበሩ ወጥተው የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ሲደርሱ ቀኝ ጉልበታቸው ደርቆ አልታጠፍ አለ። ምርኩዙን ደገፍ ብለው ግራ እግራቸውን ወደ ታች ሰደዱ። ጤነኛውን። ፌናን በተከፈተው በር አየች። እንዲህ ከወረዱ መላው ክብደት በታመመው ላይ ያርፍና ተንከባለው ነው የሚወድቁት።

ወይዘሮ ብርቄ ክንዷን ያዟት። "ተያት። የወጣችበትን ራሷ ትውረደው።"

ፌናን ክንዷን አስለቅቃ ሄደች። ሰው ሲወድቅ ማየት አልለመደችም ነበር። ከጎናቸው ቆማ በቀኝ ብብታቸው ሥር እጇን አስገባች። ምርኩዙን ወደ ታች፤ የታመመው ይቅደም፤ አሁን ጤነኛው ይከተል። ድምፅዋ የማክሰኞና የሐሙስ ድምፅ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ላይ እልልታ የተቀበሉት ጎረቤቶች በራቸው ላይ ቆመው እንኳን ደስ ያላችሁ አሉ። ወይዘሮ የሺመቤት እግዜር ይስጥልን ብለው በትሕትና አጎነበሱ። ፌናን እጇን ብትለቅስ ብላ አሰበች። አንዲት ጣት ብታላላስ። አስባው በራሷ ደነገጠች፤ እጇን ይበልጥ አጠበቀች።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ አረፉ። ወይዘሮ የሺመቤት ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ እንዳትቀሪ አሏት። ሥራ ሌላ፣ ይህ ሌላ፤ እንዳንቺ ያለ እጅ አላገኘሁም።

ፌናን ተመለከተቻቸው። ፊታቸው ላይ ክፋት ፈለገች፤ ክፋት ቢኖር ይቀላት ነበር። አልነበረም። በእውነት ነው የሚጠይቋት።

"ሕመሙ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ ነገ ደረጃ አይውጡ" አለቻቸው። "ማክሰኞ ሌላ ሰው ይልኩልዎታል።"

ከዚያ በኋላ ሲወርዱ የተሰማው የምርኩዙ ድምፅ ብቻ ነው። ምድር ሲደርሱ ነጭ መኪና ግድግዳው ጥግ ቆሞ አየች፤ ሹፌሩ ቦታ ላይ ሃይለኣብ ተቀምጧል። ለአንድ አፍታ ለእሷ የመጣ መሰላት፤ ቆይቶ ግን ገባት። እናቱን ያመጣቸው እሱ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን፣ እልልታው ሲወርድ፣ እዚህ ተቀምጦ ነበር። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ።

ሃይለኣብ ወርዶ እናቱን ተቀበላቸው፤ አስገብቷቸው በሩን ዘጋ። ዓይኑ የፌናን ጫማ ላይ ነው።

"ነግሬሽ ነበር እኮ፣ እንደምትመጣ።"

"ለምን እንደሚመጡ አልነገርከኝም።"

"አልጠየቅሽኝም።"

እውነት ነው፤ አልጠየቀችውም። ሰባት ወር ሙሉ ከመልካሙ በቀር ምንም አልጠየቀችውም። አሁን ግን የምትጠይቀው አንድ ነገር ቀርቷት ነበር፤ ከዚህ በኋላ ዕድሜ ልኳን ለምን አልጠየቅኩትም እያለች መኖር አልፈለገችም። አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ደረጃውን በእጇ አሳየችው።

"እሺ፣ አሁን ልጠይቅህ። አባቴ እላይ ቆሞ ነው ያለው። ከኔ ጋር ትወጣለህ? ምንም አትበል፤ አጠገቤ ብቻ ቁም።"

ሃይለኣብ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ እንባ ሞልቶታል፤ እንደሚወዳት ያን ሰዓት ማንም አይቶ ይመሰክር ነበር። ወደ ደረጃው አየ። ወደ መኪናው መስታወት አየ። ከመስታወቱ ጀርባ ወይዘሮ የሺመቤት ጉልበታቸውን እያሹ ፊት ለፊት ይመለከታሉ፤ እንኳን ሊጠሩት ወደ እሱ ዞር አላሉም። አንድ እግሩ ከመሬት ተነሣ። የመጀመሪያው ደረጃ ጫፍ ላይ ነካ አደረገና ተመለሰ።

"ዛሬ አይሆንም፣ ፌኒ።"

ፌኒ የሚላት በደብዳቤ ብቻ ነበር። ድምፁ ሲጠራት የሰማችው ያን ቀን ነው። መኪናው ዞሮ በኮብልስቶኑ ላይ እየተንገጫገጨ ሲሄድ ቆማ አየችው፤ ከኋላ የሁለቱ ጭንቅላት ይታያል። እናቲቱ የልጃቸውን ትከሻ መታ መታ ሲያደርጉት አየች። ጎበዝ፣ እንደ ማለት።

ስልሳ አራቱን ደረጃ ወጣች። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ሴቶች ሊስሟት ሲመጡ ሳመቻቸው፤ ምን ብላ ታስረዳቸው?  እስከ ላይ ድረስ በልቧ ቆጠረች፤ መቁጠሩን ካቆመች የምትወድቅ ይመስላት ነበር።

አቶ ጎበና በሩ ላይ ቆመዋል። አስራ ሁለት ወንበር ባዶውን ተደርድሮ እሳቸው አልተቀመጡም። ኮታቸውን አላወለቁም። ከትከሻዋ በላይ ወደ ደረጃው አዩ፤ አሁንም የሚመጣ ሰው ካለ ብለው።

"በመስኮት ያየሁት መኪና ውስጥ ያለው ልጁ ነው?"

"አዎ፣ አባባ።"

"አይወጣም?"

"አልቻለም።"

አቶ ጎበና ክፉ ማሰብ የማይሆንላቸው ሰው ናቸው፤ ለሰው ሁሉ ምክንያት ይፈልጉለታል። "እሱም እንደ እናቱ ያመዋል እንዴ፣ ኢንተላ ኮ?"

በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው። በዚህ ቋንቋ የሚጠሯት ሲያዝኑላት ብቻ ነው። ፌናን የሴትዮዋን ንግግር ከሰማች ወዲህ እስከዚያች ደቂቃ አንድ ዘለላ እንባ አላፈሰሰችም ነበር።

"አይ አባባ" አለች። "እሱ ጤነኛ ነው።"

እንባዋ ወረደ። አባቷ እጃቸውን ከኮት ኪሳቸው አውጥተው ያዟት፤ ለሽማግሌ የተሳበው ጥሩው ወንበር ላይ አስቀምጠዋት፣ እሳቸውም በመጨረሻ አጠገቧ ቁጭ አሉ።